የስደተኛ ቃል በምን ይመዘናል?

በአዲስ አበባ የልደታ ሰፈር ሰው «በልደታ ዕለት ነው» ብሎ ሲናገር ጎረቤቱ ቀኑን አይስተውም። ግንቦት 1 ቀንን ማለቱ እንደ ሆነ፣ ወይም ወር በገባ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን የሚውለውን መታሰቢያ ማለቱ እንደ ሆነ ከነገሩ አካሄድ ይረዳዋል። ይኸው ሰው ግን አገሩን ለቅቆ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በሜልበርን ወይም በለንደን በአንድ መርማሪ ሹም ፊት ተቀምጦ «የያዙኝ በልደታ ዕለት ነው» ቢል፣ አስተርጓሚው የሚያውቀው ታላቁን በዓል ነውና «ሜይ 9» ብሎ ያስተላልፍለታል። ከወራት በኋላ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ «ኅዳር ልደታ ነበር» ሲል ደግሞ «ኖቬምበር 10» ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የስድስት ወር ልዩነት ይታያል። ሰውየው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የተናገረው ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው።

ይህን ምሳሌ ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም። በአንድ ስደተኛ ቃል ላይ «ይታመናል» ወይም «አይታመንም» የሚል ውሳኔ ሲሰጥ ከውሳኔው በስተኋላ የሰው ሕይወት ይከተላል። ስሕተቱ በአንዱ ወገን የሆነ እንደ ሆነ፣ እውነተኛው ስደተኛ አምልጦት ወደ መጣው ወኅኒ ይመለሳል፤ በሌላው ወገን የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ አሳዳጁ የተሳዳጁን ልብስ ለብሶ ይገባል። ሁለቱም ዓይነት ነገር የእኛን አገር ሰዎች የነካ ስለ ሆነ፣ በትምህርት ላይ ላሉትና በየመሥሪያ ቤቱ ባለ ጉዳይ ለሚያነጋግሩት ወጣት ሹማምንት ይጠቅም ይሆናል በማለት ጥቂት ልንጽፍበት ወደድን።

እ.ኤ.አ. በ1951 የተፈረመው የዤኔቭ ስምምነት ስደተኛ የሚለው፣ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ የአንድ ማኅበራዊ ክፍል አባል በመሆኑ ወይም በፖለቲካ አስተያየቱ እሳደዳለሁ ብሎ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት አድሮበት ከአገሩ ውጭ የሚገኘውን ሰው ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ደግሞ በዚሁ በአዲስ አበባ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ማለት በአሮጌው ዓመት የመጨረሻ ቀን፣ ባወጣው ስምምነት ትርጓሜውን አስፍቶታል። በውጭ ወረራ ወይም የሕዝብን ጸጥታ በብርቱ በሚያውክ ነገር ምክንያት አገሩን ጥሎ የሸሸውም ሰው ስደተኛ ይባላል አለ። ኢትዮጵያ የዤኔቩን ስምምነት የተቀበለችው ከዚህ በኋላ ሁለት ወር ያህል ቆይታ ኅዳር 1 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። (ይህም ቀን በሰፈሩ አነጋገር ልደታ መሆኑ ነው።)

አገሪቱ ዛሬ የምትሠራበት ሕግ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ የነበረውን አዋጅ ቁጥር 409 ተክቷል። ጥገኝነት ጠያቂው ቃሉን የሚሰጠው ለስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ነው፤ ጥያቄው ውድቅ ከሆነበት ለይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ያመለክታል፤ ከዚያም አልፎ ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊያደርሰው ይችላል። ከዚህ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎቶች አንዱ በልደታ የሚያስችለው ነው። የውርስ፣ የውልና የወንጀል ክርክር በሚሰማበት በዚህ ሰፈር የስደተኛ ጉዳይ ሕጋዊ በር ማግኘቱ ከተማው ልብ ያላለው ነገር ይመስለናል።

እርግጥ ነው፣ በኢትዮጵያ ከተጠለሉት አንድ ሚሊዮን ያህል ስደተኞች የሚበዙት አንድ በአንድ ተመርምረው የገቡ አይደሉም። ከደቡብ ሱዳን ወይም ከሶማልያ ጦርነት ሸሽቶ ወሰን የተሻገረ ሕዝብ በጅምላ ይታወቅለታል፤ ከመንደሩ መቃጠል በቀር ከእርሱ የሚፈለግ ማስረጃ የለም። የእምነት ጥያቄ የሚነሣው እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ሲጠየቅ ነው። ለኤርትራውያንም የጅምላው አሠራር በ2012 ዓ.ም. ተለውጦ ጉዳያቸው በተናጠል እንዲታይ በመደረጉ፣ የመርማሪው ሥራ በእኛም አገር ከዚያ ወዲህ ከብዷል።

ለነገሩ ስደተኛን አስቀርቦ ቃሉን መመርመር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱም በመጡ ጊዜ፣ የቁረይሽ ሰዎች መልእክተኞችና እጅ መንሻ ልከው «እኒህ ከሃዲዎች ናቸው፤ አሳልፈህ ስጠን» ብለው ነጃሺን መለመናቸውን የእስልምና ታሪክ ይተርካል። ንጉሡም እጅ መንሻ ያመጣውን ወገን ብቻ ሰምቶ አልፈረደም። ስደተኞቹን አስጠርቶ ጠየቀ፤ ቃል አቀባያቸው ጃዕፈር የሃይማኖታቸውን ነገር አስረዳ፤ መልእክተኞቹ በማግስቱ ሌላ ክስ ሲጨምሩም ንጉሡ ስደተኞቹን ደግሞ አስጠርቶ ስለዚያው ነገር መልስ እንዲሰጡበት አደረገ። በመጨረሻም ጥገኝነቱን ሰጥቶ እጅ መንሻውን መለሰ። ዛሬ በዓለም ያሉ የስደተኛ ሕጎች ለመርማሪው የሚያዝዙትን ዋናውን ነገር፣ ማለት የተከሰሰበትን ነገር ለባለ ጉዳዩ ነግሮ መልሱን መስማትን፣ በዚህ ትረካ ውስጥ እናገኘዋለን።

በቆየው የአገራችን ፍርድ ሥርዓት ግን እውነትን ማወቂያው መንገድ ሁሉ እንዲህ ቀና አልነበረም። ፍትሐ ነገሥት ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጽና ይላል። በበላ ልበልሃ ሙግት ንግግር አዋቂው፣ ድምፁ ያማረውና ምሳሌ የሚያበዛው ይረታ ነበር፤ አንደበቱ የተያዘበት ባለ እውነት ግን አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ሌባ ሻይ የሚባለውም ነበር፤ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ በየደጁ እየዞረ ከአንዱ ቤት ገብቶ ሲወድቅ ባለ ቤቱ ሌባ ይባላል። ዛሬ ይህን ስንሰማ እንስቃለን። ነገር ግን አንድ መርማሪ «ሲናገር ዓይኔን አላየኝም፤ ላብ አላበው፤ ስለዚህ ዋሽቷል» ብሎ ሲጽፍ፣ መሠረቱ ከሌባ ሻይ ብዙ የራቀ አይመስለንም።

በዚህ ረገድ የተደረገ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቦንድና ዴፓውሎ የተባሉት ሁለት ሊቃውንት 24,000 ያህል ሰዎች የሰጡትን ግምት ሰብስበው፣ ሰው ሌላው ሰው ሲናገር በማየትና በመስማት ብቻ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ምን ያህል ይለያል ብለው መረመሩ። ያገኙት ከመቶ 54 ነው። ሳንቲም ወርውሮ «ዘውድ» ወይም «ጎፈር» ብሎ የሚፈርድ ሰው ከመቶ 50 ያህሉን ያገኛልና፣ ልዩነቱ አራት ብቻ ነው። በእኛ አገር ልማድ ላይ ሲሆንማ ነገሩ ይብሳል። በአዋቂ ፊት ዓይንን መስበር አክብሮት ነው ተብሎ ያደገ ልጅ በዳኛ ፊት ቀና ብሎ እንዲያይ መጠበቅ፣ ያሳደገችውን እናት ምክር እንዲጥስ መጠበቅ ነው። «ጤናህ እንዴት ነው? ለጥያቄው ዝግጁ ነህ?» ሲባልም የመጀመሪያው መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ነው፤ ጎኑ የተሰበረም ሰው ይህንኑ ይላል። መዝገቡ ላይ ግን «በሙሉ ጤንነት እንደሚገኝ ተናግሯል» ተብሎ ይሰፍራል።

ከጠባይ ይልቅ ቋንቋው የሚያመጣው ጣጣ ይበዛል። አማርኛ የሚናገር ሰው «ወንድሜ» ሲል የአጎቱን ልጅ ሊሆን ይችላል፤ «አባቴ» ሲል የንስሐ አባቱን፣ «ልጄ» ሲል የጎረቤቱን ልጅ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ቀን «ወንድሜ ተገደለ» ብሎ፣ በሁለተኛው ቀን የወንድምና የእኅቶቹን ስም ሲቈጥር ያንን ሟች ሳይጠራው ቢቀር፣ መርማሪው «ወንድም ፈጥሯል» ይላል። የቤተሰብ ስምም በአገራችን የለም፤ እያንዳንዱ ሰው በአባቱ ስም ይጠራል፤ ሚስት በባልዋ ስም አትጠራም። ስለዚህ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ በፈረንጅ ቅጽ ላይ የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ሲገኙ ዝምድናቸውን የሚጠራጠር ይኖራል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «በሦስት ሰዓት መጡብኝ» የሚለው ቃል በጥዋት ወይም በምሽት ዘጠኝ ሰዓት እንጂ በፈረንጆቹ ሦስት ሰዓት አይደለም። ዓመቱም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይለያያል። ልዩነቱ ሰባት መሆኑና ስምንት መሆኑ በወሩ የሚወሰን ስለ ሆነ፣ «ስምንት ደምር» ብሎ ብቻ የለመደ አስተርጓሚ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለውን ሁሉ አንድ ዓመት ያሳስተዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የነውር ቃል ነው። በእስር ቤት የደረሰባትን የምትናገር ሴት ብዙ ጊዜ «ደፈሩኝ» ትላለች። ይህ ግሥ በአማርኛ ናቁኝ፣ አላከበሩኝም ማለትም ይሆናል፤ በግድ ተገናኙኝ ማለትም ይሆናል። ይህንንም ለማለት አፍራ «ተጎዳሁ» ወይም «አንገላቱኝ» ብቻ ብላ የምታልፍ አለች። አስተርጓሚው ቃሉን በቀላሉ «አዋረዱኝ» ብሎ ካለፈው፣ ከዓመት በኋላ በጠበቃና በሐኪም ፊት እውነቱ ሲወጣ «አሁን የጨመረችው ነው» ይባላል። አስተርጓሚው ወንድ ከሆነ፣ ይልቁንም የአገሯ ሰውና የአብያተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ ጎረቤት ከሆነ፣ ቃሉ ከነጭራሹ ሳይወጣ ይቀራል።

ይህን በሚመስል ነገር ላይ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ጉዳይ በአውስትራልያ የታወቀ ሆኗል። አውስትራልያ ጥገኝነት ለሚገባው ሰው የምትሰጠው ፈቃድ የጥበቃ ቪዛ ይባላል። ይህች ሴት በአገሯ ታስራ እንደ ነበረና በእስር ላይ ሳለች እንደ ተደፈረች ተናግራ ቪዛውን ጠየቀች። ጉዳዩን የመረመረው የስደተኞች ጉዳይ ሸንጎ ስለ እስሩ የሰጠችውን ቃል አላመነውም። መታሰሯን ካላመነ ዘንድ፣ በእስር ላይ ደረሰ የተባለውን መደፈር ለይቶ ሳይመረምር ጉዳዩን ዘጋው። ነገሩ እስከ አገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ሰባት ዳኞች ተሰይመው ፈረዱበት። የተከራከሩበት ዋና ነገር የአውስትራልያ ፓርላማ የፌዴራሉን ፍርድ ቤት ሥልጣን በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ለማጥበብ ይችላል ወይስ አይችልም የሚል የሕገ መንግሥት ጥያቄ ነበር፤ በዚህም ዳኞቹ አራት ለሦስት ተከፈሉ። ሴትዮዋ አልረታችም።

ነገር ግን በዚያው ፍርድ ውስጥ ሁለት ዳኞች፣ ገሞውና ሄይን፣ ስለ ስደተኛ ቃል የጻፉት ሐሳብ ከፍርዱ ውጤት ይልቅ በኋለኞቹ ዘመናት ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ ኖሯል። ሐሳባቸው በእኛ አነጋገር እንዲህ ነው፦ ስደተኛ የሚሟገተው ብዙ ጊዜ ስለ ነፃነቱ፣ አንዳንዴም ስለ ነፍሱ ነው፤ ስለዚህ ያየውን መከራ ጥቂት አስጊጦና አሳድጎ እንዲናገር ቢፈተን የሚያስደንቅ አይደለም፤ መርማሪው አንዱ ነገር ተጋነነ ብሎ ሌላውን ሁሉ ከመጣሉ በፊት ይህን ማሰብ አለበት። ይህን ለመረዳት ሕግ መማር የሚያስፈልግ አይመስለንም። በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ተቀምጠው ለባለ ጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች ማየት ይበቃል። አንድ የመሬት ክርክር ያለው ምስኪን ወደ እነርሱ ሲሄድ፣ ያለው እውነት ሁለት መስመር ነው፤ ተጽፎ ሲወጣ ግን «ከፍ ያለ በደል»፣ «የምበላው አጥቼ የምቀምሰው ቸግሮኝ»፣ «ሜዳ ላይ ተበትኜ» የሚሉ ቃላት ሞልተውበት ይወጣል። የሁሉም ማመልከቻ አንድ ዓይነት ነው። አዋቂው ዳኛ ግን ቅርፊቱን ልጦ ፍሬውን ይፈልጋል እንጂ፣ ማመልከቻው ከትናንቱ ጋራ ተመሳሰለ ብሎ መሬቱን አይነሣውም።

በውጭ አገርም የዚሁ ዓይነት ጸሐፊዎች አሉ፤ የባሱም አሉ። በአሜሪካ የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች የጥገኝነት ታሪካቸውን «ኬዝ» ይሉታል። አዲስ መጤውን «እውነቱን አትናገር፤ አያስገባህም፤ እኔ የሚያስገባ ኬዝ እጽፍልሃለሁ» የሚለው ደላላ ከሐሰተኛው ይልቅ የሚጎዳው እውነተኛውን ነው። ሰውየው የራሱ የሆነ፣ ደካማ መስሎ የታየው እውነተኛ ምክንያት አለው፤ እርሱን ጥሎ የሰው ታሪክ ይሸመድዳል፤ በጥያቄ ላይ ሲደናገር ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን ቢናገር ማን ይሰማዋል? እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በኒው ዮርክ ጠበቆች የሚገኙባቸው 26 ሰዎች ለቻይናውያን ጥገኝነት ጠያቂዎች ሐሰተኛ ታሪክ እየፈጠሩ ሰጥተዋል ተብለው ተከሰዋል።

ስለ ማስታወስም ማንሣት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «ቃሉ ተለዋወጠ» የሚለው ምክንያት ከሁሉ የበዛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ አገር በታተመ ጥናት፣ ከኮሶቮና ከቦስንያ የመጡ 39 ስደተኞች ስለ አንድ አስጨናቂ ነገርና ስለ አንድ ተራ ነገር ሁለት ጊዜ፣ በሳምንታትና በወራት ልዩነት ተጠየቁ። ሰዎቹ አስቀድሞ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኙ ስለ ነበሩ የሚዋሹበት ምክንያት አልነበራቸውም። ሆኖም የሁሉም ቃል ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ተለዋውጦ ተገኘ። የበለጠ የተዛባው ከዋናው ነገር ዳር ያለው ነው፤ የልብስ ቀለም፣ የሰዎቹ ቁጥር፣ የሰዓቱ ነገር። መከራው በአእምሮአቸው ላይ ብርቱ ሕመም በተወባቸው ሰዎች ዘንድም፣ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ መጠን ልዩነቱ ይሰፋል። በአንዳንድ አገር ስደተኛው ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ ሁለተኛው ዓመታት እንደሚጠብቅ ስናስብ፣ መንግሥት ራሱ ባስረዘመው ጊዜ የመጣውን መዛባት በሰውየው ላይ እንደ ሐሰት መቍጠሩ ፍርደ ገምድልነት ሆኖ ይታየናል።

የሰፈር ዕውቀት ፈተናም አለ። መርማሪው «የልደታ ልጅ ነኝ ካልክ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ቤትህ ስትሄድ ምን ታያለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን መልሱ የሚመሳከረው ከየትኛው ካርታ ጋራ ነው? የድሮው ልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ በቦታው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተሠርተዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የቀላል ባቡር መሥመር አልፎበታል። ቀበሌዎቹም ተጣጥፈው ወረዳ ሆነዋል። አስቀድሞ የተሰደደ ሰው ሕንፃውንም ባቡሩንም ባያውቅ ትክክል ነው፤ ቢያውቅ ነበር የሚያጠራጥረው። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት አውሮፕላን የሚነሣው ከልደታ ሜዳ እንደ ነበር የሚያስታውሱ አረጋዊ ዛሬ ለአንድ ወጣት መርማሪ «በልደታ አውሮፕላን ሜዳ» ቢሉት፣ ኮምፒዩተሩን ገልጦ «እንዲህ ያለ ማረፊያ የለም» ሊላቸው ይችላል።

በሐሰተኛ ወረቀት መጓዝስ? ብዙዎች ይህን የማያወላውል የውሸት ምልክት ያደርጉታል። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በኮልፌ የወታደር ትምህርት ሲቀበሉ፣ ይዘውት የተገኙት የኢትዮጵያ ፓስፖርት «ዴቪድ ሞትሳማይ» በሚል ስም የተሰጠ ነበር። ስማቸው የሐሰት ነበረ፤ የሚያሳድዳቸው መንግሥት ግን የእውነት ነበረ። የዤኔቭ ስምምነትም ይህን አውቆ፣ ከሚያሳድደው አገር በቀጥታ የመጣ ስደተኛ ሳይዘገይ ቀርቦ ምክንያቱን ከገለጸ ያለ ፈቃድ በመግባቱ እንዳይቀጣ በ31ኛው አንቀጽ ደንግጓል።

ይህን ሁሉ ስንል መርማሪው የሰማውን ሁሉ አሜን ብሎ ይቀበል ማለታችን አይደለም። በዴንቨር ከተማ የሆነውን እንመልከት። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ በከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ የነበረ አንድ ሰው፣ ከኬንያ ወደ አሜሪካ ሊሻገር የነበረ የሌላ ቤተሰብ አባት ነኝ ብሎ፣ በዚያ አባት ስምና ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2004 ገባ። ታሪኩ የተስተካከለ ነበር፤ የእውነተኛ ሰው ታሪክ ነበርና። ዜግነትም አገኘ። ከሰባት ዓመት በኋላ በአንድ ካፌ ውስጥ የቀድሞ እስረኛ የነበረ ሰው አየው፤ አወቀው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሐሰት ዜግነት በማግኘቱ 22 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ቀደም ሲል በአትላንታ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ እንዲሁ ባሠቃያት ሴት ተለይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ለሦስት ሴቶች በጠቅላላው 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈርዶበት፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል።

ልብ እንበል፤ የዴንቨሩ ሰው በመርማሪ ፊት ሲቀርብ ቃሉ አልተለዋወጠም። ለስላሳና የተሟላ ታሪክ የሐሰተኛው ንብረት ሲሆን፣ የተቆራረጠውና የሚያንገዳግደው የእውነተኛው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሐሰተኛውንም የያዘው የአንደበቱ መሰናከል ሳይሆን በቦታው የነበረ ምስክር ነው። ስለዚህ የመርማሪው ጥረት ሰውየውን በማደናገር ላይ ሳይሆን፣ ከሰውየው ውጭ ያለውን ማስረጃ በመፈለግ ላይ ቢውል ፍሬው ይበልጣል፤ በዚያ ዘመን በዚያ ሰፈር ምን ሆነ? ማን ታሰረ? ማን አሰረ? እ.ኤ.አ. በ1979 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች መሥሪያ ቤት ያወጣው መመሪያ መጽሐፍም ይህንኑ ይላል፤ የማስረዳቱ ሸክም የአመልካቹ ቢሆንም፣ እውነቱን የመፈለጉ ሥራ የሁለቱም ነው፤ ሊገኝ የሚችለው ማስረጃ ተፈልጎ ካለቀ በኋላ የቀረው ጥርጣሬ ለአመልካቹ ይጠቀምለት።

ሚዛኑም ከአገር አገር አንድ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 አደጋው የመድረሱ ዕድል ከመቶ አሥር እንኳ ቢሆን ፍርሃቱ በቂ ምክንያት ያለው ሊባል ይችላል ብሏል፤ የአውስትራልያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 «እውነተኛ ዕድል» መኖሩ ይበቃል አለ። በካናዳ ፍርድ ቤት አሠራር በመሐላ የተሰጠ ቃል የሚያጠራጥር ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ እንደ እውነት ይቆጠራል። በአንጻሩ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ሕግ ዳኛው የአመልካቹን ሁኔታና የትኛውንም የቃል ልዩነት፣ ከዋናው ነገር ጋራ ባይገናኝም እንኳ፣ ሊመዝንበት ይችላል፤ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2022 ሕጓን አጥብቃለች። ሕጉ አንድ ሆኖ እንኳ ፈራጁ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በማያሚ ከተማ በአንድ ፍርድ ቤት ውስጥ የኮሎምብያ ሰዎችን ጉዳይ ካዩት ዳኞች መካከል አንዱ ከመቶ 5 ሲቀበል ሌላው ከመቶ 88 እንደ ተቀበለ አሳይቷል። በዚያ ፍርድ ቤት የሰውየውን ዕጣ የወሰነው የደረሰበት መከራ ነው ወይስ የደረሰው ዳኛ?

«እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል» ይባላል። ለስደተኛ ግን ይህ ተረት አይሠራም፤ ውሳኔው ንጋቱን አይጠብቅምና። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ተመልሶ የሚያርፈው በመጀመሪያው ቀን በተጻፈው ወረቀት ላይ ነው። በአገልግሎቱ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የሚጠይቀው ወጣት ሹም፣ ስደተኛው «በልደታ ዕለት» ሲል ያንኑ ቃል በራሱ ቋንቋ ይጻፈው፤ ቀጥሎም «የየትኛው ወር ልደታ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ከሥሩ ያስፍረው። ሁለት ቃል ተቃርኖ ሲያገኝ በልቡ ይዞ ወደ ውሳኔ አይሂድበት፤ «ያን ጊዜ እንዲህ ብለህ ነበር፤ ዛሬ እንዲህ አልክ፤ ምን ትላለህ?» ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቀው። ጉዳዩ በይግባኝ ወደ ችሎት ቢደርስ፣ በዳኛው ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው የስደተኛው ፊት ወይም ድምፅ ሳይሆን ያ መዝገብ ነው። በመዝገቡ ውስጥ «አይታመንም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ሰፍሮ፣ ለምን እንዳልታመነና ምን ተጠይቆ ምን እንደ መለሰ ካልተጻፈ፣ ዳኛው የሚመረምረው ነገር አያገኝም።